በጦር መርከብ ላይ የአሠራር ባህልን የመለወጥ ልምድ

የጦር መርከብ ባህል በመመሪያ ከተጻፈው ሕግ ባሻገር መርከበኞች እርስ በርስና ከአለቆቻቸው ጋር የሚኖሩበት የዕለት ተዕለት ልማድ ነው። ስህተት ያየ ሰው ይናገራል ወይስ ዝም ይላል፣ ምግብ ሲታደል ማን ይቀድማል፣ ሐሳብ ያለው ተራ መርከበኛ ማን ዘንድ ይሄዳል የሚሉት ሁሉ በዚህ ይካተታሉ። ሰዎቹ ለወራት በአንድ ቦታ ስለሚሠሩ፣ ስለሚበሉና ስለሚተኙ ልማዱ ሥር የሰደደ ነው፤ አዛዡ ደግሞ ብዙውን ጊዜ ከሁለት ወይም ከሦስት ዓመት በላይ ስለማይቆይ ለለውጥ ያለው ጊዜ አጭር ነው። በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እ.ኤ.አ. ናቸው።

በቀደሙት ዘመናት ለውጥ የሚመጣው ከላይ በሚወርድ ትእዛዝ ነበር። የአሜሪካ ኮንግረስ መርከበኞችን መግረፍ የከለከለው በ1850 ሲሆን፣ የብሪታንያ ባሕር ኃይል በየቀኑ ያድል የነበረውን የሩም መጠጥ ያስቀረው ጁላይ 31 ቀን 1970 ነው። በዚያው ዓመት የአሜሪካን ባሕር ኃይል መምራት የጀመሩት አድሚራል ኤልሞ ዙምዋልት «ዚ-ግራም» በተባሉ መልእክቶቻቸው የፀጉርና የጢም ደንቦችን አላሉ፤ ጥቁር መርከበኞችም እኩል ዕድል እንዲያገኙ አዘዙ። በኦክቶበር 1972 ኪቲ ሆክ በተባለችው አውሮፕላን ተሸካሚ ላይ የዘር ግጭት ሲነሣ፣ ተቺዎቻቸው ሥርዓት የላላው በእሳቸው ነው አሉ፤ ደጋፊዎቻቸው ደግሞ ቅሬታው ከእሳቸው በፊት የተጠራቀመ መሆኑን ያስረዳሉ፤ ክርክሩ ዛሬም አልተዘጋም።

የኢትዮጵያ ባሕር ኃይል ታሪክ ከዚህ ይለያል። በ1950ዎቹ አጋማሽ ሲመሠረት ባህሉ ገና መተከል ነበረበት። የኖርዌይ መኮንኖች ባገዙበት በዚህ ሥራ ትልቁን ድርሻ የያዘችው፣ በ1962 ከአሜሪካ ተገኝታ «ኢትዮጵያ» የተባለችው የቀድሞዋ ኦርካ ናት። ምጽዋን መደቧ ያደረገችው ይህች ማሠልጠኛ መርከብ እስከ 1991 ድረስ የባሕር ኃይሉ ትልቋ መርከብ ሆና ቆይታለች፤ ከደጋው አገር የመጡ ወጣቶችም የባሕር ሙያን በወጉ ተምረውባታል።

አዛዡ ከራሱ መርከብ የጀመረው ለውጥ ሲነሣ በቅድሚያ የሚጠቀሰው የቤንፎልድ ታሪክ ነው። ቤንፎልድ በ1996 አገልግሎት የጀመረች፣ በዚያን ጊዜ መደቧን ሳንዲዬጎ ያደረገች፣ ሚሳይል የታጠቀች የአሜሪካ ባሕር ኃይል ዲስትሮየር (ፈጣን የጦር መርከብ) ናት። ማይክል አብራሾፍ በጁን 1997 አዛዥነቱን ሲረከቡ፣ 310 የሚሆኑት መርከበኞች በተሰናባቹ አዛዥ መሄድ መደሰታቸውን አልሸሸጉም ነበር። አዲሱ አዛዥ መርከበኞቹን አንድ በአንድ ወደ ክፍላቸው እየጠሩ ሦስት ነገር ይጠይቁ ጀመር፤ በመርከቡ ላይ በጣም የምትወደው ምንድን ነው፣ የምትጠላውስ፣ ብትችል የምትለውጠው ምንድን ነው የሚል። የሚረባ ሐሳብ ሲገኝ ወዲያውኑ ሥራ ላይ ይውል ነበር። ለምሳሌ ያህል፣ የመርከቧ ውጫዊ ብሎኖች በጨው ውሃ እየዛጉ ቀለሙን ስለሚያበላሹ፣ ወጣቶቹ መርከበኞች ጊዜያቸውን በመፋቅና በመቀባት ይጨርሱ ነበር። ብሎኖቹ በማይዝግ ብረት ይተኩ የሚለው ሐሳብ ከመርከበኞቹ መጣ፤ ዕቃው በባሕር ኃይሉ መጋዘን ስላልነበረ ከገበያ ተገዛ፤ ከቀለም ሥራ የተረፈውም ጊዜ ለሙያ ሥልጠና ዋለ።

ሌላው ለውጥ ትእዛዝ እንኳ አላስፈለገውም። አንድ እሑድ በመርከቧ ላይ ምግብ ሲታደል መኮንኖቹ ከሰልፉ ፊት ገብተው ሳህናቸውን ከሞሉ በኋላ ለብቻቸው ሊበሉ ወደ ላይኛው ወለል ሲወጡ አብራሾፍ ተመለከቱ። እሳቸው ግን ከሰልፉ መጨረሻ ቆመው ተራቸውን ጠበቁና ከመርከበኞቹ ጋር ተቀምጠው በሉ። በሚቀጥለው ሳምንት መኮንኖቹ ሁሉ ከሰልፉ መጨረሻ ተገኙ። በእርግጥም ከዚህ የበለጠ ግልጽ የአመራር ተግባር በቀላሉ አይገኝም። ቤንፎልድ በእሳቸው ዘመን ለውጊያ ዝግጁነት የሚሰጠውን የስፖኬን ዋንጫ አሸንፋለች።

ሁለተኛው የታወቀ ምሳሌ የኑክሌር ሰርጓጅ መርከቧ ሳንታ ፌ ናት። ዴቪድ ማርኬ ለአንድ ዓመት ያህል የተዘጋጁት ኦሎምፒያ ለተባለች ሰርጓጅ ነበር፤ በ1999 መጀመሪያ ላይ ግን በደንብ ወደማያውቋት ሳንታ ፌ ተመደቡ። በአንድ ልምምድ ወቅት፣ ኃይል የሚሰጣት የኑክሌር ማብላያ ሥራ አቁሞ መርከቧ በመጠባበቂያ ሞተር ስትጓዝ፣ ሞተሩ የሌለውን ፍጥነት አዘዙ። ተረኛው መኮንን የማይቻል መሆኑን እያወቀ ትእዛዙን ደገመው፤ ምክንያቱን ሲጠየቅም እርስዎ ስላዘዙኝ ነው አለ። ማርኬ ከዚያ ወዲህ አብዛኛውን ትእዛዝ ከመስጠት ተቆጠቡ፤ መኮንኖቹም ፈቃድ ከመጠየቅ ይልቅ ሊያደርጉ ያሰቡትን ከነምክንያቱ አስረድተው እሺታ መጠበቅ ጀመሩ። መሣሪያ የመተኮስ ውሳኔ ግን ከአዛዡ እጅ አልወጣም። በማርኬ ዘገባ መሠረት በ1998 አገልግሎታቸውን ያራዘሙት መርከበኞች ሦስት ብቻ ሲሆኑ፣ በ1999 ቁጥራቸው 36 ደርሷል።

ሁለቱም ታሪኮች በስፋት የታወቁት በራሳቸው በአዛዦቹ ብዕር በመሆኑ ውጤቱ በተወሰነ ደረጃ ተጋንኖ ሊሆን ይችላል። ለውጡ ከአዛዡ መሄድ በኋላ መዝለቁም እንደየነገሩ ይለያያል። የቤንፎልድን የብሎን ለውጥ ባሕር ኃይሉ በኋላ ወደ ሌሎች መርከቦቹም ወስዶታል፤ ከሳንታ ፌ መኮንኖችም ብዙዎቹ በተራቸው የሰርጓጅ መርከብ አዛዦች ሆነዋል። በምግብ ሰልፍ ላይ ማን ከኋላ እንደሚቆም ግን በመመሪያ ስላልተጻፈ፣ ተተኪው አዛዥ በራሱ ምሳሌነት ካልጠበቀው በቀላሉ ይፈርሳል።