ከአስቤስቶስ የሚመጣ የሥራ በሽታ ምንድን ነው?

ጅማ ውስጥ ፍሬን ሲጠግን ያረጀ መካኒክ ትንፋሽ ሲያጥረው መጀመሪያ የሚጠረጠረው ሳምባ ነቀርሳ ነው፤ ያጨስ ከነበረ ደግሞ ሲጋራው። በወጣትነቱ የተነፈሰውን ብናኝ የሚያነሣ አይገኝም።

አስቤስቶስ ከመሬት የሚወጣ ቃጫማ ማዕድን ነው። እሳት ስለማይበላውና ርካሽ ስለሆነ ከሲሚንቶ ጋር ተደባልቆ የጣሪያ ክዳንና የውኃ ቧንቧ፣ እንዲሁም የፍሬን ሸራ ሲሠራበት ኖሯል። ሳይነካ የተቀመጠ ጣሪያ ብዙም አያሰጋም። ሲቆረጥና ሲሰበር፣ ወይም የፍሬኑ ብናኝ በኮምፕሬሰር ሲነፋ ግን በዓይን የማይታዩ ቃጫዎች አየሩን ይሞሉታል። ሳምባ ውስጥ የቀሩት አይሟሙም። አስቤስቶሲስ የሚባለው ሳምባው ጠባሳ እያበጀ የሚደድርበት ሕመም ነው፤ ሜዞቴሊዮማ የሳምባ ሽፋን ካንሰር ነው፤ አስቤስቶስ የሳምባ ካንሰርም ያስከትላል፣ በአጫሾች ላይ እጅግ ይብሳል። ሕመሙ ብዙውን ጊዜ የሚገለጠው ከ20 እስከ 40 ዓመት ቆይቶ ነው።

«ታዲያ ካሳ ለመጠየቅ ጊዜው አልፎበታል» የሚሉ ብዙዎች ናቸው። ተሳስተዋል። በአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት በሥራ ምክንያት የመጣ በሽታ ደረሰ የሚባለው ብናኙ በተነፈሰበት ቀን አይደለም፤ በሽታው በግልጽ በታወቀበት ቀን ነው፤ ማለትም ሠራተኛው መሥራት ባቃተው፣ ሐኪም ለመጀመሪያ ጊዜ በሽታውን ባወቀበት ወይም ሠራተኛው በሞተበት ቀን። የቀድሞው አዋጅ ቁጥር 377/1996ም እንዲሁ ይል ነበር። አሠሪው ጥፋት ባይኖርበትም ይጠየቃል። ከዚያ በኋላ ግን መዘግየት ያስከፍላል፤ ልዩ ጊዜ ካልተወሰነ በቀር የይርጋው ዘመን፣ ማለትም መብቱን በክስ መጠየቅ የሚቻልበት ጊዜ፣ አንድ ዓመት ነው።

ፈተናው ማስረጃ ላይ ነው። ሐኪሙ ካልተነገረው ራጅ ብቻ አይቶ ሥራውን አያውቅም፤ ስለዚህ የት፣ ምን፣ ስንት ዓመት እንደሠሩ በሕክምና ካርዱ ላይ እንዲጻፍ መጠየቅ ይገባል። የሥራ ልምድ ደብዳቤ ከሌለ የደመወዝ ወረቀት ወይም አብሮ የሠራ ሰው ምስክርነት ይረዳል። ጋራዡ ከተዘጋ ነገሩ ይከብዳል፤ ባለቤቱ ማን እንደነበረ ማጣራት የመጀመሪያው ሥራ ነው። የአካል ጉዳቱን ደረጃ የሚወስነው የሐኪሞች ቦርድ ነው። ጉዳዩ ለፍርድ ቤት የሥራ ክርክር ችሎት ሲቀርብ የዳኝነት ክፍያ አይጠየቅበትም። የመንግሥት መሥሪያ ቤት ሠራተኛ የነበረ ግን በዚህ አዋጅ አይስተናገድም፤ የሚመለከቱት የመንግሥት ሠራተኞችና የጡረታ ሕጎች ናቸው።