ለልጆች ኢ-ልቦለድ መጻፍ፦ ከስድስት ኪሎ እስከ ብሔራዊ ቴአትር

የልጆች መጽሐፍ ሲባል ብዙዎቻችን ጭንቅላት ውስጥ መጀመሪያ የሚመጣው አያ ጅቦ ነው። ሆዳም ነው፣ ሞኝ ነው፣ ጦጣ ታታልለዋለች። ለልጆች ኢ-ልቦለድ የሚጽፍ ደራሲ ግን ስለዚያው ጅብ ሌላ ወሬ አለው። መንጋውን የምትመራው ሴቷ ናት። ሳቅ የሚመስለው ድምፅ ሳቅ አይደለም። አዲስ አበባ ውስጥ ሌሊት ሌሊት ጥንብና ቆሻሻ እየለቀመ ይኖራል። ኢ-ልቦለድ ማለት ይኸው ነው፤ ፈጠራ ያልሆነ፣ ተጣርቶ የተጻፈ ነገር። ሳይንሱም፣ ታሪኩም፣ የታዋቂ ሰዎች ሕይወትም እዚህ ውስጥ ይገባል።

ዘርፉ አዲስ አይደለም። ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ «ለልጅ ምክር ለአባት መታሰቢያ»ን ሲጽፉ በቀጥታ ወጣቱን ነበር የሚያናግሩት። ከበደ ሚካኤል በ«ታላላቅ ሰዎች» የዓለምን ስመ ጥሮች ለአማርኛ አንባቢ አቀረቡ። በደርግ ጊዜ ደግሞ ሞስኮ እየታተሙ የሚመጡ የአማርኛ የልጆች መጻሕፍት ነበሩ፤ ሥዕላቸው ያማረ፣ ዋጋቸው እዚህ ግባ የማይባል።

ዛሬ ይህን ሙያ የሚይዝ ሰው ብዙ ጊዜ የሚነሳው ከመምህርነት ነው። የተማሪው ጥያቄ ከመማሪያ መጽሐፉ አልፎ ሲሄድበት ብዕር ያነሳል። እንጀራው ግን ሌላ ቦታ ነው፤ ማስተማር፣ መተርጎም፣ አርትኦት። አጋዥ መጽሐፍ የሚያዘጋጅም አለ። ወላጅ ለሚኒስትሪ ፈተና ይጠቅማል ከተባለ እጁ ይፈታል። ስለ ጭላዳ ዝንጀሮ ሲሆን «ይሄ ፈተና ላይ ይመጣል?» ይላል። ላይመጣ ይችላል። ጭላዳ ግን ሣር የምትግጥ ዝንጀሮ ናት፤ ከኢትዮጵያ ውጭ በዱር አትገኝም። ይህን ሳያውቅ ያደገ ልጅ ትንሽ ተበድሏል ባይ ነኝ።

ለሥራው የሚሆነው ጥሬ ዕቃ በእግር የሚደረስበት ነው። ከስድስት ኪሎ ወደ አራት ኪሎ ሲወረድ ብሔራዊ ሙዚየም አለ። 3.2 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ያስቆጠረችው ድንቅነሽ ያለችው እዚያ ነው። ደራሲውም የመጀመሪያውን ፈተና የሚያገኘው እዚሁ ነው። ለጎብኚ የሚታየው ዋናው አጥንት ሳይሆን ቅጂው ነው። ይህን ለልጅ ይንገረው ወይስ ይለፈው? መንገር አለበት። ልጅ በኋላ ሲደርስበት መጽሐፉን በሙሉ ነው የሚጠረጥረው። የዘመን አቆጣጠሩም ጣጣ አለው። ድንቅነሽ የተገኘችው ኅዳር 15 ቀን 1967 ዓ.ም. ነው፤ ልጁ ስልክ ላይ ሲፈልግ 1974 የሚል ያገኛል። ሁለቱም ልክ ናቸው፣ ግን አንድ ገጽ ላይ ሳይብራሩ ከተደባለቁ ጉድ ነው።

እንደኔ እንደኔ ለልጅ አንባቢ ከድንቅነሽም በላይ «ሰላም» የተባለችው ሕፃን ትሆናለች። ዲኪካ ላይ በዘረሰናይ ዓለምሰገድ የተመራው ቡድን ያገኛት ይህች ቅሪተ አካል 3.3 ሚሊዮን ዓመት ገደማ አስቆጥራለች። ስትሞት ግን ገና የሦስት ዓመት ልጅ አካባቢ ነበረች። መንጋጋዋ ውስጥ ያልወጡ ጥርሶች አሉ። ጥርሱ የሚነቃነቅበት የሰባት ዓመት ልጅ ይህን ሲሰማ ዝም ብሎ ያዳምጣል።

ከመረጃው የሚብሰው ቃሉ ነው። ለሳይንስ የተሰየሙ የአማርኛ ቃላት ሞልተዋል። «ስበት» ቀላል ነው። «እሳተ ገሞራ»ን ልጆች ራሳቸው ይወዱታል። «ብርሃን አስተፃምሮ» ግን ስምንት ዓመት ያልሞላው ልጅ አፍ ላይ አይዞርም። በእንግሊዝኛ የሚማረው ልጅ ደግሞ «ሴል» ካላሉት «ሕዋስ» ምን እንደሆነ ላይገባው ይችላል። የተሻለው ዘዴ ነገሩን አስቀድሞ አሳይቶ ስሙን ማስከተል ነው፤ ቅጠል ከውኃ፣ ከአየርና ከፀሐይ ብርሃን ምግቡን ያዘጋጃል፣ ይህም ብርሃን አስተፃምሮ ይባላል እያሉ። «ያበስላል» ቢል ይጣፍጥ ነበር። ግን ልጁ «እሳቱ የታለ?» ይላል። አንድ ዓረፍተ ነገር ላይ ግማሽ ቀን የሚያልቀው እንዲህ ነው።

ታሪክ ሲሆን ችግሩ ሌላ ነው። ስድስት ኪሎ አደባባይ ላይ የየካቲት 12 ሐውልት ቆሟል። ልጁ ታክሲ ውስጥ ሆኖ በአጠገቡ ያልፋል፣ ምንድን ነው ብሎ ይጠይቃል። በ1929 ዓ.ም. ግራዚያኒ ላይ ቦምብ ከተወረወረ በኋላ ፋሺስቶች የአዲስ አበባን ሕዝብ ለሦስት ቀን ጨፈጨፉ። የሟቾቹ ቁጥር በኢትዮጵያ በኩል 30,000 ነው፤ የታሪክ ሰዎች ግምት ይለያያል። ለዘጠኝ ዓመት ልጅ 30,000 ምንም አይለውም። በእሳት የጋየ ቤትና ከቤቱ የሸሸ ቤተሰብ ግን ይገባዋል። ቁጥሩ ይግባ፣ ግን ታሪኩን ቤቱ ይሸከመው።

ሥዕሉ የመጽሐፉ እኩሌታ ነው። በ1950 ዓ.ም. ከተቋቋመው የአለ ፈለገሰላም የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት የወጡ ሠዓሊዎች በዚሁ ሰፈር አይጠፉም። የዋልያ ቀንድ ተበላሽቶ ከተሳለ ጽሑፉ ልክ መሆኑ አያድነውም። ለዚህ አራት ኪሎ ሳይንስ ፋኩልቲ ግቢ ያለው የተፈጥሮ ታሪክ ሙዚየም ይጠቅማል፤ እንስሳው ዝም ብሎ ቆሞ ይሳልልሃል።

ከዚያ ማተሚያ ቤት ነው። አንጋፋው ብርሃንና ሰላም፣ በ1914 ዓ.ም. የተመሠረተው፣ ያለው አራት ኪሎ አካባቢ ነው። ብዙ ጊዜ የኅትመቱን ወጪ የሚከፍለው ደራሲው ራሱ ነው። ባለ ቀለም መጽሐፍ ወጪው ይከብዳል፤ ወረቀቱ ከውጭ ስለሚመጣ የዶላሩን ዋጋ እየተከተለ ይወጣል። የልጆች መጽሐፍ ብዙ ጊዜ 32 ገጽ የሚሆነው ወረቀቱ በሚታጠፍበት መንገድ ነው እንጂ ደራሲው የሚለው ስላለቀ አይደለም።

የታተመው ወደ ወመዘክር ይሄዳል። በ1936 ዓ.ም. የተቋቋመው ይህ ቤተ መጻሕፍት ለመጽሐፉ ዓለም አቀፍ መለያ ቁጥር ይሰጣል፣ በሕግ የሚገባውንም ቅጂ ይረከባል። ምረቃውም ብዙ ጊዜ እዚያው አዳራሽ ነው። የቅጂ መብቱ በአዋጅ ቁጥር 410/1996 መሠረት ደራሲው በሕይወት እስካለና ከሞተም በኋላ ለ50 ዓመት የተጠበቀ ነው። ፎቶ ኮፒ ቤቱ ይህን ያውቅ እንደሆነ እንጃ።

ሽያጩ በመደብርም ነው፣ በአዟሪም። ከብሔራዊ ቴአትር እስከ ለገሃር ባለው መንገድ አዟሪው መጻሕፍቱን እስከ አገጩ ቆልሎ ይዞራል፤ የልጆቹ ቀጭን ስለሆኑ መሃል ይገባሉና አይታዩም። አሮጌ መጽሐፍ የሚሸጥበት ጥግ ላይ ደግሞ ኢ-ልቦለድ ልቦለድን የማያጋጥም ዕዳ አለበት፤ ያረጃል። ፕሉቶ ከፕላኔቶች ተራ የወጣችው ነሐሴ 1998 ዓ.ም. ነው። እዚያ ጥግ ላይ ግን ሽፋናቸው የለቀቀ መጻሕፍት አሁንም ዘጠኝ ብለው ይቆጥራሉ። ደራሲው በሕይወት ካለ አርሞ ያሳትማል፤ ከሌለ ገዢው ልጅ ራሱ በእርሳስ ይሰርዛታል።