የድሬ ጎርፍና መስማት የተሳናቸው ሰዎች

ደቻቱ ድሬዳዋን ከዚራና መጋላ ብሎ ለሁለት የሚከፍል ወንዝ ነው፣ ወንዝ ይባል እንጂ አብዛኛውን ጊዜ ደረቅ አሸዋ ነው ሰው በእግሩ ይሻገረዋል። ክፋቱ ጎርፉ የሚመጣው በደቡብ በኩል ደንገጎ ተራሮች ላይ ሲዘንብ ስለሆነ ከተማው ላይ ጠብ ሳይል ውሃው ከች ሊል ይችላል። ስለዚህ እዚህ ሰማይ ማየት ብዙም አያድንም፣ ሰው የሚነቃው በጆሮው ነው፣ በሩቅ ጉምጉምታ፣ በጎረቤት ጩኸት፣ በመስጊድ ድምፅ ማጉያ። መስማት ለተሳነው ሰው እነዚህ ሁሉ የሉም ማለት ነው።

ሐምሌ 29 ለ30 አጥቢያ 1998 ሰው እንቅልፍ ላይ እያለ ደቻቱ ሞልቶ ከ250 በላይ ሰው ሞተ፣ በሺዎች የሚቆጠር ተፈናቀለ። የሚሰማው ሰው ራሱ ማምለጥ ያልቻለበት ሌሊት ነው እኮ አቦ! ከዛ ወዲህ ወንዙ ዳር ግንብ ተሠርቷል፣ ግን ሚያዝያ 2012 ላይም ጎርፍ ሰው ገድሏል፣ ማለትም ክረምቱ ብቻ ሳይሆን በልጉም ያሰጋል።

ስልክ ቫይብሬት ላይ አድርጎ ትራስ ስር መክተት ጥሩ ነው፣ ግን ኔትወርክ ከሌለና መልእክት የሚልክ ሰው ከሌለ ዋጋ የለውም። በኔ እይታ ዋናው ነገር ቀስቃሽ ነው፣ አስቀድሞ የተነገረው አንድ ጎረቤት፣ እሱ ከሌለ ደግሞ ሌላ ተተኪ። ቁልፍ መስጠት ብቻውን አይበቃም፣ በሩ ከውስጥ በመቀርቀሪያ ከተዘጋ ቁልፉ ምን ያደርጋል? አንዱ ቀላል ዘዴ ሲባጎ ነው፣ ሲተኙ አንዱን ጫፍ እጅ ላይ ላላ አድርጎ አስሮ ሌላውን በመስኮት ማውጣት፣ ጎረቤት ሲጎትተው ይነቃል። ደመና በሌለበት ቀን አንዴ መሞከር ነው፣ ትንሽ ያስቃል ግን ይሠራል።

መብራት ሲጠፋ ደግሞ የምልክት ቋንቋም ይጠፋል፣ ስለዚህ የእጅ ባትሪ የግድ ነው። ሰዎች ባትሪውን ሰውየው ዓይን ላይ ያበሩበታል፣ ማብራት ያለባቸው ግን የራሳቸው እጅና ፊት ላይ ነው። መጮህም ሰውየው የሚያነበውን የከንፈር እንቅስቃሴ ያዛባል እንጂ አይጠቅምም።

ትንሽ የሚሰሙት ተረሱ እንዳይባል፣ የጆሮ መሣሪያቸውን ሲተኙ ስለሚያወልቁት ሌሊት ላይ ጨርሶ ከማይሰማው እኩል ናቸው። መሣሪያው ውሃ አይወድም፣ ከራሱ ትርፍ ባትሪና ከመታወቂያ ጋር በፌስታል ቋጥሮ አንድ ቦታ ማስቀመጥ ነው። «አልሰማም» የሚል ወረቀት በአማርኛ፣ በኦሮምኛና በሶማሊኛ ጽፎ አብሮ መክተት ለድሬ የግድ ነው። ፊሽካም ያስፈልጋል፣ ነፍስ አድን ሠራተኛው «ማነው እዛ?» ሲል መልስ ካላገኘ ቤቱ ባዶ ነው ብሎ ሊያልፍ ይችላል፣ የማይሰማ ሰው ግን ማሰማት ይችላል።

ኢትዮጵያ በ2002 ያጸደቀችው የአካል ጉዳተኞች መብት ኮንቬንሽን በአንቀጽ 11 አደጋ ሲመጣ የነሱም ደህንነት እንዲጠበቅ ያዛል። ወረቀቱ አለ፣ መጠለያ ላይ ግን ዱቄትና ብርድ ልብስ የሚታደለው ስም እየተጠራ በድምፅ ከሆነ ስሙ ሦስቴ ተጠርቶ «የለም» ተብሎ የሚታለፈው እዛው ፊት ለፊት የተቀመጠ ሰው ነው።