ሥጋ በል ተክል ምንድን ነው?

ስሙን የሰማ ሰው ጅብ የሚያህል አፍ ይጠብቃል። አሜሪካ፣ ኖርዝ ካሮላይና፣ ግሪን ስዋምፕ የሚባለው ረግረጋማ ጥብቅ ቦታ ሄዶ ቬነስ ፍላይትራፕ የሚባለውን ሥጋ በል ተክል የሚፈልግ ሰው ግን መጀመሪያ ረግጦት ነው የሚያልፈው። ወጥመዱ ከአውራ ጣት ጥፍር ብዙም አይበልጥም። በርከክ ብሎ ሣሩን ገለጥ ገለጥ ማድረግ ነው።

ሥጋ በል የሚባለው ነፍሳትን አጥምዶ፣ ገድሎና አሟሙቶ ከገላቸው የሚጠቀም ተክል ነው። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፤ ዝንቧ ምሳው አይደለችም። ምግቡንማ እንደማንኛውም ቅጠል በፀሐይ ብርሃን ራሱ ያዘጋጃል። የቸገረው ማዳበሪያ ነው። ረግረጉ ውሃ የጠገበ፣ አሲዳማ አፈር ስለሆነ ናይትሮጅንና ፎስፈረስ በጣም ያንሰዋል። የእኛ ገበሬ ከዩሪያ ከረጢት የሚያገኘውን እሱ ከጉንዳን ገላ ያወጣል። ጉንዳን ያልኩት አምልጦኝ አይደለም። ስሙ የዝንብ ወጥመድ ቢሆንም በዱር በብዛት የሚይዘው ጉንዳን፣ ሸረሪትና ጥንዚዛ ነው።

አያያዙን ጠጋ ብላችሁ እዩት። ቅጠሉ እንደተገለጠ መጽሐፍ ነው። በእያንዳንዱ ገጽ ላይ ብዙውን ጊዜ ሦስት ቀጫጭን ፀጉሮች አሉ። ጉንዳኗ አንዴ ብትነካ ምንም የለም። በ20 ሰከንድ ገደማ ውስጥ ከደገመች ግን ክድን! ዓይን እስኪጨፈን ነው። ሁለቴ መሆኑ ለብልሃት ነው፤ የዝናብ ጠብታ ባረፈ ቁጥር በከንቱ እንዳይዘጋ። ከዚያ ሳምንት ያህል ቆይቶ ሲከፈት ውስጡ የሚገኘው ደረቅ ቅርፊት ብቻ ነው። አደራ፣ በጣት አትነካኩት። አንዱ ወጥመድ በዕድሜው የሚዘጋው ጥቂት ጊዜ ነው፤ ለጨዋታ ስትሉ አንዱን ታቃጥሉበታላችሁ።

ጎረቤቶቹ ሥጋ በል ተክሎችም ቀላል አይደሉም። ሰንዲው በቅጠሉ ላይ እንደ ጤዛ በሚያብረቀርቅ ሙጫ ይይዛል። ፒቸር ፕላንት ደግሞ ቁሞ እንደ ቀንድ ዋንጫ ነው፤ ከንፈሩ ያዳልጣል፣ የገባ አይወጣም። «ዝንብ ቢሰበሰብ ጋን አይከፍትም» የተባለው እዚህ ቃል በቃል ይሠራል።

ቬነስ ፍላይትራፕ በተፈጥሮ የሚበቅለው በዓለም ላይ እዚያ ብቻ ነው፤ በሁለቱ ካሮላይናዎች፣ ዊልሚንግተን ከተማን ዙሪያውን በያዘ ጠባብ አካባቢ። ለዲሲ ሐበሻ የስድስት ሰዓት ያህል መንገድ ነው። ፎቶ ማንሳት ይቻላል። ኖርዝ ካሮላይና ውስጥ ከዱር ሰርቆ መንቀል ግን እ.ኤ.አ. ከ2014 መጨረሻ ጀምሮ ከባድ ወንጀል ነው፤ ያሳስራል።