የአምስት ዓመት ገንዘብ፣ የሃምሳ ዓመት ጥያቄ

የምርምር ገንዘብ አብዛኛውን ጊዜ የሚሰጠው ለሦስት ወይም ለአምስት ዓመት ነው። ዛፍ ግን በአምስት ዓመት አያረጅም። የአንድ ወፍ መንቆር በትውልድ መካከል ሲለወጥ ማየት የሚፈልግ ሰው ድርቁ የሚመጣበትን ዓመት እዚያው ሆኖ መጠበቅ አለበት፣ ያ ዓመት መቼ እንደሚመጣ ደግሞ ፕሮፖዛል ላይ ሊጽፍ አይችልም። የረጅም ጊዜ የሥነ ምህዳርና የዝግመተ ለውጥ ምርምር ዋናው ጣጣ እዚህ ላይ ነው። (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው የጻፍኳቸው።)

በጋላፓጎስ ደሴቶች ውስጥ ዳፍኒ ሜጀር የምትባል ሰው የማይኖርባት ትንሽ ደሴት አለች። ፒተርና ሮዝሜሪ ግራንት የተባሉ ባልና ሚስት ተመራማሪዎች በ1973 እዚያ ፊንች የሚባሉትን ወፎች መከታተል ጀመሩ። ወፎቹን ይይዛሉ፣ እግራቸው ላይ ቀለበት ያስራሉ፣ መንቆራቸውን ለክተው ይለቃሉ። በየዓመቱ ያው ሥራ ነው። በ1977 ዝናቡ ቀረ። ትንንሹ ለስላሳ ዘር ተበልቶ አለቀና ትልቁ ጠንካራ ዘር ብቻ ቀረ። በዋናነት ከሚከታተሉት ዝርያ ከ80 በመቶ በላይ የሚሆነው ሞተ፤ የተረፉት በብዛት ወፍራም መንቆር ያላቸው ነበሩ፣ ጫጩቶቻቸውም ያንኑ መንቆር ወረሱ። ልዩነቱ ግማሽ ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። ተመራማሪዎቹ ለሦስት ዓመት ብቻ ገንዘብ አግኝተው በ1976 ዕቃቸውን ሸክፈው ቢሆን ኖሮ ይህን አያዩም ነበር። እነሱ ግን ለ40 ዓመት ያህል ተመላለሱ።

ታዲያ እንዲህ ላለው ሥራ ማነው የሚከፍለው?

በጣም አሮጌው መልስ ያለው እንግሊዝ አገር፣ ሮታምስቴድ በሚባለው የእርሻ ምርምር ጣቢያ ነው። ጆን ቤኔት ሎውስ የሱፐርፎስፌት ማዳበሪያ እያመረተ የሚሸጥ ባለሀብት ነበር። በ1843 ብሮድባልክ በሚባለው ማሳ ላይ የስንዴ ሙከራ ጀመረ፤ ማሳው ዛሬም ይዘራል። በ1889 ደግሞ 100,000 ፓውንድ መድቦ ሙከራው እሱ ከሞተ በኋላም እንዲቀጥል በባለአደራ እጅ አደረገው። እድር ውስጥ ያደገ ሰው ይህ ቶሎ ይገባዋል፦ ለዛሬ ሳይሆን ለማይታወቅ ቀን የሚቀመጥ ገንዘብ ነው። ዛሬ የመንግሥት የምርምር በጀትም ይታከልበታል።

እዚያ የሚገርመኝ መጋዘኑ ነው። ከመጀመሪያዎቹ ዓመታት ጀምሮ እህሉ፣ ገለባውና አፈሩ በጠርሙስና በቆርቆሮ ታሽጎ በየመደርደሪያው ተቀምጧል፣ ወደ 300,000 ናሙና። ከ160 ዓመት በኋላ ተመራማሪዎች ከዚያ ስንዴ ላይ የሁለት የፈንገስ በሽታዎችን ዲኤንኤ አወጡና የትኛው በሽታ በየትኛው ዘመን እንደበረታ ሲያዩ፣ ነገሩ በአየሩ ውስጥ ከነበረው የሰልፈር ብክለት ጋር አብሮ ሲወጣና ሲወርድ አገኙት። ሎውስ ያንን ስንዴ ሲያሽግ ዲኤንኤ የሚባል ነገር ሰምቶ አያውቅም። ናሙና ማስቀመጥ የምርምር ውጤት አይመስልም፣ ለሪፖርትም አይመችም፣ በጀት ሲጠብ ግን መጀመሪያ መነካት የሌለበት እሱ ነው ብዬ አምናለሁ።

አሜሪካ ውስጥ ዋናው ከፋይ ብሔራዊ የሳይንስ ፋውንዴሽን ነው። በ1980 የረጅም ጊዜ የሥነ ምህዳር ምርምር ጣቢያዎችን በስድስት ቦታ ጀመረ፣ ዛሬ ከ25 በላይ ደርሰዋል። እያንዳንዱ ጣቢያ በየስድስት ዓመቱ እንደ አዲስ ተገምግሞ ነው የሚቀጥለው። ከዚህ ሌላ ለግለሰብ ተመራማሪዎች የተዘጋጀ አነስ ያለ ፕሮግራም አለ። እሱ የአሥር ዓመት ዕቅድ ይጠይቃል፣ ገንዘቡን ግን በሁለት የአምስት ዓመት ክፍያ ነው የሚለቀው። ለማመልከት ቢያንስ የስድስት ዓመት መረጃ በእጅህ መኖር አለበት። እዚህ ጋ ትንሽ ቆም እንበል፦ የመጀመሪያዎቹን ስድስት ዓመታት ማን ይከፍላል? አብዛኛው ሰው ከሌላ ፕሮጀክት እየቆነጠረ፣ ተማሪ እየላከ፣ አንዳንዴም ከኪሱ ጨምሮ ነው የሚዘልቃቸው። ብዙ ጥሩ ሥራ የሚሞተውም እዚያው መሃል ላይ ነው።

ሪቻርድ ሌንስኪ በየካቲት 1988 በ12 ጠርሙስ ባክቴሪያ የጀመረው የዝግመተ ለውጥ ሙከራ በዚህ መንገድ ከተደገፉት አንዱ ነው። ሥራው ሲያዩት ቀላል ነው። በየቀኑ ከእያንዳንዱ ጠርሙስ 0.1 ሚሊ ሊትር ተቀድቶ ትንሽ ግሉኮስ ወዳለበት 9.9 ሚሊ ሊትር አዲስ ፈሳሽ ይገባል። ቅዳሜ የለም፣ እሁድ የለም፣ በዓል የለም። በየ500 ትውልዱ ናሙና ይቀዘቅዛል። ከ31,000 ትውልድ በላይ ካለፈ በኋላ፣ በ2003፣ ከአሥራ ሁለቱ አንዱ ጠርሙስ ድንገት ደፈረሰ፦ ባክቴሪያው ፈሳሹ ውስጥ የነበረውን ሲትሬት (ሎሚ ውስጥ ካለው አሲድ የሚገኝ ነገር) ኦክስጅን ባለበት መብላት ጀምሮ ነበር፣ ይህ ደግሞ የዚህ ዝርያ ባሕርይ አይደለም። አሥራ አምስት ዓመት መሆኑ ነው! በ2020 ኮቪድ ሲመጣ ሙከራውን በረዶ ውስጥ ከተው በኋላ ካቆሙበት ቀጠሉ፣ በ2022 ደግሞ ወደ ቴክሳስ ተዛውሮ ሌላ ተመራማሪ ተረከበው።

ተኩላና ወፍ ግን ፍሪዘር ውስጥ አይገቡም። የመስክ ክትትል አንድ ዓመት ከተቋረጠ የዚያ ዓመት መረጃ ተመልሶ አይገዛም። ቻርልስ ኪሊንግ የተባለው ሳይንቲስት በ1958 ሃዋይ ላይ መለካት የጀመረው የካርቦን ዳይኦክሳይድ ግራፍ በ1964 መጀመሪያ ላይ ክፍተት አለው፤ ምክንያቱ የበጀት ቅነሳ ነው። መስመሩ እዚያ ጋ ተቆርጦ እስከ ዛሬ ይታያል።

እኛ ዘንድ ይህ ሁሉ ባሌ ላይ ይታያል። ቀይ ቀበሮ፣ የአካባቢው ሰው ጄዳላ ፋርዳ የሚለው፣ በዓለም ላይ ያለው ኢትዮጵያ ውስጥ ብቻ ነው፣ ቁጥሩም ከ500 አይበልጥም። ክትትሉ ከ1980ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ አለ። በ2003 ከውሻ የመጣ የእብድ ውሻ በሽታ ወብ ሸለቆ ገብቶ እዚያ ከነበሩት ቀበሮዎች አብዛኞቹን ገደለ። ያኔ የትኛው ቤተሰብ የት እንደሚኖርና ከማን ጋር እንደሚዋሰን በመዝገብ ስለነበረ ሁሉንም ማሳደድ አላስፈለገም፤ ሸለቆዎቹን በሚያገናኙት መተላለፊያዎች ላይ ያሉትን ጥቂቶች በመከተብ በሽታው እንዲገታ ተደረገ። በ2018 ደግሞ በፍየል ሥጋ ውስጥ ተደብቆ የሚበላ ክትባት መስጠት ተጀመረ።

ሥጋውን የትኛው ጉድጓድ አጠገብ መጣል እንዳለበት የሚያውቀው፣ ዓመቱን ሙሉ በዚያ ብርድ በፈረስ እየዞረ ቀበሮ ሲቆጥር የከረመው የአካባቢው ሠራተኛ ነው። የዚህ ሥራ ወጪ ለረጅም ጊዜ የተሸፈነው በአብዛኛው እንደ ቦርን ፍሪ ባሉ የውጭ በጎ አድራጊ ድርጅቶች ነው፣ በየጊዜው እየተለመነ። ፈረሱ ግን በየቀኑ ይበላል፣ ቆጠራውም የድጋፉን መታደስ አይጠብቅም።