ከአሮጌ ኮት የወጣው እንቁራሪት፦ በአሻንጉሊት ሠሪ የሕይወት ታሪክ ንባብ ማስተማር በጎጃም

ጎጃም ውስጥ ፊደል የቆጠረ ልጅና ፊደል የለየ ልጅ አንድ አይደሉም። ሀሁን ከላይ እስከ ታች እንደ ዜማ የሚያወርደው ቆጥሯል። መሐል ላይ ስንጥር ተደርጎ «ይቺ ማን ናት?» ሲባል ሳይደናገር የሚመልሰው ደግሞ ለይቷል። ብዙ ልጆች ከመቁጠር ወደ መለየት ሲሻገሩ ይደክማሉ። አንዳንዶቹም እዚያው ይቀራሉ። በ2002 ዓ.ም. በአገር አቀፍ ደረጃ በተደረገ የንባብ ምዘና ከ2ኛ ክፍል ተማሪዎች ሲሶ ያህሉ አንድ ቃል እንኳ ማንበብ አልቻሉም ነበር።

ልጆቹን ለማሻገር ከሚያገለግሉ ዘዴዎች አንዱ የአንድን ሰው የሕይወት ታሪክ ይዞ ማስተማር ነው። መምህሩ እውነተኛ ታሪክ በአጭሩ ይተርካል። ልጆቹ ከታሪኩ ጥቂት ቃላት ያነሳሉ። ቃላቱን ይለያሉ፣ ያነባሉ፣ ይጽፋሉ። ከዚያ ከታሪኩ ጋር የሚሄድ ነገር በእጃቸው ይሠራሉ። ዘዴው ከኦ ክፍል እስከ 3ኛ ክፍል ላሉ ልጆች ይስማማል። ታሪኩ የጀግና ወይም የንጉሥ ሊሆን ይችላል። የአሻንጉሊት ሠሪ ታሪክ ግን የራሱ ጥቅም አለው። የንጉሥ ታሪክ የሰማ ልጅ ንጉሥ አይሆንም። የአሻንጉሊት ሠሪ ታሪክ የሰማ ልጅ ግን በዚያው ቀን አሻንጉሊት ሠሪ መሆን ይችላል።

ሰውየው

ለዚህ ትምህርት በጣም የሚመቸው የጂም ሄንሰን ታሪክ ነው። ሄንሰን አሜሪካዊ ነው። መስከረም 14 ቀን 1929 ዓ.ም. ሚሲሲፒ በተባለው ግዛት ተወለደ። ለመስቀል ሦስት ቀን ሲቀረው ማለት ነው። ለጎጃም ልጅ እንዲህ ብለው ቢነግሩት ቀኑን ወዲያው ይይዘዋል። አባቱ የመንግሥት የሰብል ባለሙያ ነበር። ቤታቸው ከወንዝ ብዙም አይርቅም። አያቱ ስፌት የምትችል፣ ሥዕል የምትሥል ሴት ነበረች። ልጁ በእጁ የሠራውን ሁሉ አይዞህ እያለች የምታበረታታው እሷ ነች።

ቤተሰቡ በኋላ ወደ ዋሽንግተን አካባቢ ተዛወረ። ዘመኑ ቴሌቪዥን አዲስ የሆነበት ነው። ሄንሰን ቤተሰቡን ጨቅጭቆ ቴሌቪዥን አስገዛ። ከዚያ ወዲህ ልቡ እዚያው ሳጥን ውስጥ ቀረ። እዚህ ላይ ልጆች የሚወዱት ነገር አለ። ሄንሰን መጀመሪያ የፈለገው አሻንጉሊት ሳይሆን ቴሌቪዥን ነው። አንድ ጣቢያ አሻንጉሊት የሚያጫውት ወጣት እንደሚፈልግ ሰማ። አሻንጉሊት ሠርቶ ሄደ፤ ተቀጠረም። በ1947 ዓ.ም. ገና የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ሳለ የራሱን የ5 ደቂቃ ዝግጅት ጀመረ።

ለዚያ ዝግጅት የእናቱን አሮጌ ኮት ቀደደ። ወደ አረንጓዴ የሚያደላ ቀለም ያለው ኮት ነበር። ጨርቁን ሰፍቶ ፊት አደረገው። የጠረጴዛ ቴኒስ ኳስ ለሁለት ቆርጦ ዓይን አወጣለት። ከርሚት የተባለው ዝነኛ እንቁራሪት እንዲህ ተወለደ። እንቁራሪት የተባለው ግን ቆይቶ ነው። መጀመሪያ ላይ ይህ ነው የሚባል እንስሳ አልነበረም።

በዚያን ጊዜ ብዙው አሻንጉሊት ከእንጨት የተጠረበ ነበር። የእንጨት ፊት አይስቅም፣ አያኮርፍም። ሄንሰን ጨርቅና ስፖንጅ መረጠ። ጨርቅ ጣት ሲታጠፍ አብሮ ይታጠፋል። አሻንጉሊቱ ሲያዝን ያዘነ ይመስላል። ኅዳር 1 ቀን 1962 ዓ.ም. ሰሳሚ ስትሪት የተባለው የልጆች ዝግጅት በአሜሪካ ቴሌቪዥን ተጀመረ። ዓላማው ትምህርት ቤት ያልገቡ ሕፃናትን ፊደልና ቁጥር ማስተማር ነው። የሄንሰን አሻንጉሊቶች የዝግጅቱ ነፍስ ሆኑ። እሱ ግንቦት 8 ቀን 1982 ዓ.ም. በ53 ዓመቱ አረፈ።

ይህ ሁሉ ለልጅ በአንድ ጊዜ አይነገርም። ለአንድ ክፍለ ጊዜ አንድ ነገር ይበቃል። እኔ ብመርጥ ኮቱን እመርጣለሁ።

ሦስት ቃላት

ከኮቱ ታሪክ ሦስት ቃላት ይወጣሉ፤ አሻንጉሊት፣ መርፌ፣ ኮት። እነዚህን ሦስቱን በደንብ እንያቸው። አሻንጉሊት ውስጥ አ ግዕዝ ነው፣ ሻ ራብዕ፣ ን ሳድስ፣ ጉ ካዕብ፣ ሊ ሣልስ፣ ት እንደገና ሳድስ። የቀሩት ኃምስና ሳብዕ ናቸው። መርፌ ፌን ይሰጠናል፤ ኃምስ። ኮት ኮን ይሰጠናል፤ ሳብዕ። በሦስት ቃል ከግዕዝ እስከ ሳብዕ ሰባቱም ተሟሉ። መምህሩ 231 ፊደል በአንድ ገበታ ከመደርደሩ በፊት በእነዚህ ሦስት ቃላት ብቻ ብዙ ቀን መጫወት ይችላል።

ቀጥሎ የአሻንጉሊቱ አፍ ይመጣል። አሻንጉሊት የሚያጫውት ሰው አፉን የሚከፍተው በየድምፁ ነው። ልጁ እጁን ካልሲ ውስጥ አስገብቶ «አሻንጉሊት» ይበል። አ፣ ሻን፣ ጉ፣ ሊት። አፉ 4 ጊዜ ተከፈተ። ፊደሎቹ ግን 6 ናቸው። ታዲያ ሁለቱ የት ሄዱ? ን እና ት አፍ ሲዘጋ ነው የተነገሩት። ሳድስ ብዙ ጊዜ እንዲህ ነው፤ አፍ ሳያስከፍት ያልፋል። ይህን በቃል ለ7 ዓመት ልጅ ማስረዳት ከባድ ነው። በእጁ ሲይዘው ግን ይገባዋል። ንባብ ላይ ልጆች «አሻንእጉሊትእ» እያሉ የሚንገዳገዱት ሳድስን እንደ ሙሉ ድምፅ ስለሚቆጥሩት ነው። የካልሲው አፍ ይህን ያቃናል።

እንቁራሪቱም የራሱ ሥራ አለው። ክረምት ሲገባ ረግረጉ ሁሉ በእንቁራሪት ጩኸት ይሞላል። ልጆቹ ድምፁን ያውቁታል፤ ቋ፣ ቋ። ቋ ከሰባቱ ውጭ ያለ ፊደል ነው። እንደ ኳና ጓ ሁሉ ልጆች ዘግይተው የሚለዩት ነው። እንቁራሪቷ ቀድማ ታስተምራቸዋለች።

የኔታ ያውቁት ነበር

ጎጃም የቅኔ አገር ነው። ዋሸራ፣ ጎንጅ፣ ዲማ፣ ደብረ ኤልያስ ሲባል የማያውቅ የለም። ከቅኔው በፊት ግን ንባብ አለ። ልጅ በቤተ ክርስቲያን ግቢ፣ በዛፍ ጥላ ሥር፣ ስንጥር ይዞ ፊደል ይቆጥራል። ቀጥሎ ወደ መልእክተ ዮሐንስ ይገባል። በግዕዝ፣ በውርድ ንባብና በቁም ንባብ እያለ ወደ ዳዊት ይደርሳል።

ሽምደዳውን ለመስበር የኔታ አንድ ጥሩ ዘዴ አላቸው። አቡጊዳ ነው። ልጁ ሀሁን በዜማ ከያዘ በኋላ ሥርዓቱ ይቀየርበታል። አ ቡ ጊ ዳ ሄ ው ዞ። እያንዳንዱ ፊደል ከሌላ ቤት ነው። ድምፁም በየፊደሉ አንድ ደረጃ ይሄዳል፤ ግዕዝ፣ ካዕብ፣ ሣልስ፣ ራብዕ፣ ኃምስ፣ ሳድስ፣ ሳብዕ። በዜማ ብቻ የያዘ ልጅ እዚህ ላይ ይቆማል። ስለዚህ ዓይኑን ይጠቀማል። ይለያል።

ይህን የማነሳው በምክንያት ነው። አዲስ ዘዴ ሲመጣ አሮጌውን እንደ ኋላ ቀር የማየት ልማድ አለን። አሻንጉሊቱ የየኔታን ሥራ ሊተካ አይደለም የመጣው። የሚያግዘው አቡጊዳ የሚሠራውን ሥራ ነው። አቡጊዳ የማይሰጠውን አንድ ነገር ግን ይጨምራል። ትርጉም ይጨምራል። አቡጊዳ ሄውዞ ብሎ ነገር ልጁ በቤቱ የለም። ኮትና መርፌ ግን አሉ።

ክፍል ውስጥ

መምህርቷ ታሪኩን ተርካ ጨርሳለች። ሰሌዳው ላይ «ኮት» ብላ ጽፋለች። ቀኝ እጇ ላይ አረንጓዴ ካልሲ አለ። ካልሲው ሰሌዳውን አተኩሮ አየና «ካት!» አለ። ክፍሉ ተንጫጫ። «አይ አንተ! ኮ ነው እኮ!» ካልሲው አንገቱን ደፋ። «የቷ ናት ኮ?» አለ። ከኋላ የተቀመጠች፣ እጇን አውጥታ የማታውቅ ልጅ ተነስታ ሄዳ ፊደሏን በጣቷ ነካችለት።

የትምህርቱ ዋና ሚስጥር ይሄ ይመስለኛል። አሻንጉሊቱ ሁልጊዜ ከልጁ ትንሽ ያነሰ ማወቅ አለበት። ሲሳሳት ልጁ አስተማሪ ይሆናል። እኛ አገር ልጅ በትልቅ ፊት አፉን ሞልቶ አይናገርም። «ልጅ ያቦካው ለራት አይበቃም» ሲባል ነው ያደገው። መምህሩን ለማረም አይደፍርም። ካልሲን ማረም ግን ነውር የለውም። ዓይን አፋር ልጅም እጁ ላይ ያለው አሻንጉሊት ያነበዋል እንጂ እሱ አያነብም። ቢሳሳት የተሳሳተው አሻንጉሊቱ ነው።

አንድ ጥንቃቄ አለ። አሻንጉሊቱ ሰሌዳውን እንዳይሸፍነው። ልጆቹ በጨዋታው ተወስደው ፊደሉን ሳያዩ ክፍለ ጊዜው ሊያልቅ ይችላል። ካልሲው አፉን ከመክፈቱ በፊት ሁልጊዜ አንድ የተጻፈ ነገር ይጠቁም።

ጨርቁ ከየት ይመጣል

ከቤት። ኮት የሌለው ቤት ቁምጣ አለው። የጎጃም ገበሬ አረንጓዴ ቁምጣና ጃኬት ሲያረጅ ለእንቁራሪት የሚሆን ምርጥ ጨርቅ ነው። ለዓይን ቆርኪ ይበቃል። ሁለት ቆርኪ፣ መሐሉ ላይ በከሰል አንድ ነጥብ። ለምላስ ቀይ ጨርቅ ቁራጭ። አፉን ለማጠንከር ካርቶን ለሁለት ታጥፎ ይገባበታል። ስፌቱን 3ኛ ክፍሎች ይችሉታል፤ ለትንንሾቹ መርፌውን ትልቅ ሰው ይያዝ።

የእኛ ልጆች ለዚህ ሥራ እንግዳ አይደሉም። ሴቶቹ የበቆሎ ቆረቆንዳ በጨርቅ ጠቅልለው ልጅ ብለው ያዝላሉ። እረኞቹ ከወንዝ ዳር ጭቃ በሬ ከነቀንበሩ ይሠራሉ። ትምህርት ቤት ሲገቡ ግን ይህ ሁሉ በር ላይ ይቀራል። መቅረት የለበትም። የጭቃው በሬ ደረት ላይ በስንጥር «በሬ» ተብሎ ይጻፍ። ያም ንባብ ነው።

በአገራችን የዚህ መንገድ ምስክር አለ። በ1990ዎቹ መጨረሻ የአንደኛ ደረጃ መምህርት የነበረችው ብሩክታዊት ጥጋቡ ከባለቤቷ ጋር ሆና «ፀሐይ መማር ትወዳለች» የተባለውን የልጆች የቴሌቪዥን ዝግጅት ጀመረች። ፀሐይ የ6 ዓመት ቀጭኔ ናት። ከካልሲ ነው የተሠራችው። ብዙ የጎጃም ልጆችም አይተዋታል። መምህሩ ከሄንሰን ቀጥሎ የፀሐይን አወላለድ ቢተርክ ልጆቹ ነገሩ በባሕር ማዶ ብቻ እንዳልሆነ ያያሉ።

በአዊ ዞን በመጀመሪያዎቹ ክፍሎች ትምህርቱ በአዊኛ ነው። እዚያ ታሪኩም በአዊኛ ይነገራል፣ ቃላቱም ከአዊኛ ይመረጣሉ። ከላይ ያየናቸው ሦስት የአማርኛ ቃላት እዚያ አይሠሩም።

ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ወዲህ ደግሞ በግጭቱ ምክንያት በክልሉ ብዙ ትምህርት ቤቶች ተዘግተዋል። ጎጃምም ክፉኛ ተጎድቷል። ለዚህም ነው በቤት ውስጥ ሊሠራ የሚችል ነገር ላይ የማተኩረው። አንድ ካልሲ፣ ከሰልና አሮጌ ካርቶን ካለ ታላቅ እህት ታናሽ ወንድሟን ምድጃ ዳር ማስተማር ትችላለች።

ባለ እጅ

የመጨረሻው ሥራ ታሪኩን ወደ ቀዬው ማምጣት ነው። እዚህ ላይ አንድ ቁስል አለብን። ሸማኔውን፣ ሸክላ ሠሪዋን፣ ቀጥቃጩን በክፉ ስም እየጠራን ኖረናል። ልብሳችንንም፣ እንስራችንንም፣ ማረሻችንንም የሠሩልን እነሱ ናቸው። አፄ ምኒልክ ባለ እጅን መስደብ የሚከለክል አዋጅ እስከ ማስነገር ደርሰዋል። ስድቡ ግን ከአዋጁ በኋላም ቀጥሏል። የእነዚህ ሰዎች ልጆች ዛሬም ክፍል ውስጥ አሉ። በእጁ ጨርቅ ሰፍቶ ዓለም ስላወቀው ሰው ሲሰሙ ቀና ሲሉ ይታያሉ።

መምህሩ ለልጆቹ የቤት ሥራ ይሰጣል። በአካባቢህ በእጁ የሚሠራ ሰው ፈልግ። ሦስት ጥያቄ ጠይቅ። ማን አስተማረህ? መጀመሪያ የሠራኸው ምንድን ነው? ከምን ሠራኸው? ልጁ የሰማውን በሦስት ዐረፍተ ነገር ይጽፋል። «አያቴ እንስራ ትሠራለች። እናቷ አስተማረቻት። ጭቃው ከወንዝ ማዶ ይመጣል።» ለ2ኛ ክፍል ይህ ይበቃል። መምህሩ ያርመዋል፤ ወረቀቱ ግን እሱ ጋ አይቀርም። ልጁ ቤት ይዞት ሄዶ፣ በስንጥር እየጠቆመ፣ ለአያቱ ያነብላታል።