የላውንጅ ከቨር አልበም ምንድን ነው?

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ከአያት አልፎ ወደ ለገጣፎ ወይም እንጦጦን ተሻግሮ ወደ ሱሉልታ የወጣ ሰው ማኪያቶ ባዘዘበት ካፌ ውስጥ ይህን ሙዚቃ ሳይሰማ አይመለስም። ዜማውን ያውቀዋል፤ ዘፋኟን ግን አያውቃትም። በወጣትነቱ ጊታር እያጓራበት የሰማው የሮክ ዘፈን ዛሬ በሹክሹክታ ይንቆረቆራል። የሚቀጥለውም እንዲሁ ነው፤ ከዚያ የሚቀጥለውም። የላውንጅ ከቨር አልበም የሚባለው ይህ ነው፦ ሌሎች ያወጧቸውና ያስወደዷቸው ዘፈኖች ለስላሳ ቅንብር ተሠርቶላቸው፣ በአዲስ ድምፅ ተቀድተው በአንድ ላይ የሚወጡበት ስብስብ።

የካሴት ዘመን ሰው «ኮሌክሽን» ሲባል ትዝ የሚለው የተለያዩ ድምፃውያን የታወቀ ሥራ በአንድ ካሴት መታተሙ ነው። እዚያ የምንሰማው ራሱን የመጀመሪያውን ቅጂ ነበር። በላውንጅ ከቨር አልበም ውስጥ ግን የመጀመሪያው ዘፋኝ የለም። ሽፋኑ ላይ ስሙ በትልቁ ቢጻፍም የለም፤ ይህን ሳያስተውሉ የገዙ ብዙዎች ናቸው።

አሠራሩ ቀላል ይመስላል እንጂ ብልሃት አለው። ፍጥነቱ ይቀንሳል። ኤሌክትሪክ ጊታሩ ወጥቶ የናይለን ክር ያለው ጊታር ይገባል። ድራሙ በዱላ መመታቱ ይቀርና በብሩሽ ይዳሰሳል፤ አለዚያም የብራዚሉ ቦሳ ኖቫ ምት ይሰጠዋል። ፒያኒስቱ ሦስት ድምፅ ብቻ በነበረው ኮርድ (በአንድ ጊዜ በሚመቱ ድምፆች ጥምር) ላይ ሰባተኛና ዘጠነኛ ድምፅ ይጨምርበታል፤ ጆሯችን «ይህማ ጃዝ ነው» የሚለው በዚህ ምክንያት ነው። ድምፃዊቷም ከንፈሯ ማይክሮፎኑን ሊነካ ጥቂት እስኪቀረው ተጠግታ ትዘፍናለች። እንዲህ ያለው አዘፋፈን የተቻለው እ.ኤ.አ. በ1920ዎቹ የኤሌክትሪክ ማይክሮፎን ወደ ስቱዲዮ ከገባ ወዲህ ነው፤ ከዚያ በፊት ዘፋኝ አዳራሹን በሳንባው ኃይል መሙላት ነበረበት። ግጥሙና ዜማው ግን አይነኩም። ቀዩን ወጥ አልጫ ማድረግ ነው፦ ሥጋው ያው፣ በርበሬው የለም።

ለምን አይነኩም ለሚለው ጥያቄ መልሱ የሚገኘው ከሙዚቃ ይልቅ ከሕግ ነው። አንድ የተቀዳ ዘፈን ሁለት ንብረት ነው። አንደኛው ድርሰቱ ማለትም ግጥሙና ዜማው ነው፤ ሁለተኛው የተቀዳው ድምፅ፣ የሙያው ሰዎች ማስተር የሚሉት ነው። ታዋቂውን ቅጂ በስብስቡ ውስጥ ማስገባት የሚፈልግ አሳታሚ ከማስተሩ ባለቤት ጋር መደራደር አለበት። ባለቤቱ ያሻውን ዋጋ ሊጠራ፣ ካልፈለገም እምቢ ሊል ይችላል። ድርሰቱን እንደገና ለመቅዳት ግን በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1909 የወጣው ሕግ ሌላ በር ከፍቷል። ዘፈኑ አንድ ጊዜ በቅጂ ለሕዝብ ከተሠራጨ በኋላ ማንም ሰው በሕግ የተተመነውን ከፍሎ መልሶ ሊቀዳው ይችላል፤ ደራሲው መከልከል አይችልም። እ.ኤ.አ. ከ2006 እስከ 2022 ተመኑ ከአምስት ደቂቃ ላልበለጠ ዘፈን በእያንዳንዱ ቅጂ 9.1 የአሜሪካ ሳንቲም ነበር። ዐሥራ አራት ዘፈን የያዘ አንድ ሲዲ ሲሸጥ ለደራሲዎቹ ሁሉ ተደምሮ ይደርሳቸው የነበረው 1 ዶላር ከ27 ሳንቲም ገደማ ነው ማለት ነው። ሕጉ በዚህ አያበቃም፤ አዲሱ ዘፋኝ ዘፈኑን በራሱ ስልት ማቀናበር እንደሚችል ይፈቅድና መሠረታዊውን ዜማ መለወጥ እንደማይችል ይደነግጋል። የላውንጅ ከቨር አልበም በዚህ አንቀጽ ልክ የተሰፋ ነው ብል ማጋነን አይመስለኝም። አዲሱ ማስተር ደግሞ የአሳታሚው የራሱ ንብረት ስለሚሆን ዛሬ «የምሽት ካፌ»፣ ነገ «የባሕር ዳርቻ» ዓይነት ስም እየሰጠ፣ ሽፋኑን እየለወጠ ያንኑ ቅጂ ደጋግሞ ይሸጠዋል።

ይህ ማለት ሁሉም ለገንዘብ ብቻ የተሠራ ነው ማለት አይደለም። ስልቱ በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹና በ1960ዎቹ በሆቴሎችና በመጠጥ ቤቶች ይሰማ የነበረው ለስላሳ ሙዚቃ ነው። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ ወጣቶች እንደገና ሲያነሡት ግን ግማሹ ፍቅር፣ ግማሹ ቀልድ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1997 በወጣው «ላውንጅ-አ-ፓሉዛ» በተባለ ስብስብ ውስጥ በምሽት ክበብ ዘፈኖች ያረጁት ባልና ሚስት ስቲቭ ላውረንስና ኢዲ ጎርሜ የሮክ ባንዱን የሳውንድጋርደንን ጨፍጋጋ ዘፈን በሙሉ ኦርኬስትራ ተጫውተውታል። በዚያው ዓመት በጨዋነቱ የታወቀው አሜሪካዊ ዘፋኝ ፓት ቡን ሄቪ ሜታል የሚባሉትን ኃይለኛ የሮክ ዘፈኖች በትልቅ ባንድ አቀናብሮ አወጣ፤ ለማስተዋወቅም በሽልማት መድረክ ላይ ጥቁር ቆዳ ለብሶ ስለታየ የሚያዘጋጀውን የክርስቲያን ቴሌቪዥን ፕሮግራም ለጊዜው አጣ። ከሁሉ እኔ የምወደው እ.ኤ.አ. በ2004 የመጀመሪያ አልበሙን ያወጣውን የፈረንሳዮቹን ባንድ ኑቬል ቫግን ነው። አዘጋጆቹ ማርክ ኮላንና ኦሊቪየ ሊቦ ፐንክና ኒው ዌቭ የሚባሉትን የሮክ ዓይነቶች ዘፈኖች ወደ ቦሳ ኖቫ ሲያመጡ የመጀመሪያውን ቅጂ የማያውቁ ልጃገረዶችን ይመርጡ ነበር። የማታውቀውን ሰው ልትኮርጅ አትችልም፤ ስለዚህ እያንዳንዷ ግጥሙን እንደ አዲስ ደብዳቤ አነበበችው። ደካማዎቹ አልበሞች የሚጎድላቸው ይህ ነው። ዘፋኟ የምትለውን የማታስብ ከሆነ ግጥሙ ስለ ሞት ይሁን ስለ ሽርሽር አይለይም።

ለገጣፎ ያለች የአንድ ካፌ ባለቤት የአማርኛ ዘፈን ለምን እንደማትከፍት ጠይቄያት ነበር። «ጋሼ፣ የአማርኛ ከከፈትሁ ሰው ግጥሙን ያዳምጣል፤ አንዳንዱም ያለቅሳል» አለችኝ። ሳቅሁ እንጂ እውነቷን ነው። የእሷ ጠረጴዛዎች የመሬት ደላላና ገዢ ዋጋ የሚከራከሩባቸው፣ የኮንዶሚኒየም ነዋሪ ኮምፒውተሩን ዘርግቶ የሚሠራባቸው ናቸው። ሙዚቃው እንዲደመጥ ሳይሆን ከጎን ጠረጴዛ የሚመጣውን ወሬ እንዲሸፍን ተቀምጧል። መብራት ሲጠፋ ይህ በግልጽ ይታያል፤ ሙዚቃው ሲቋረጥ ሰው ሁሉ በአንድ ጊዜ ድምፁን ዝቅ ያደርጋል።

እኛም ብንሆን ከዚህ ሙያ ሩቅ አልነበርንም። በደርግ ዘመን ሰዓት እላፊ ስለነበር በሒልተን ሆቴል የሚያመሹ እንግዶች እስኪነጋ እዚያው ይቆዩ ነበር፤ ዋሊያስ ባንድም ሌሊቱን ሙሉ ይጫወት ነበር። ባንዱ ከኪቦርድ ተጫዋቹ ኃይሉ መርጊያ ጋር እ.ኤ.አ. በ1977 ያወጣው አልበም ዘፋኝ የሌለበት፣ በተለምዶ «ክላሲካል» የምንለው ዓይነት ነው። ዛሬም ኪቦርዳቸውን ይዘው በከተማው ዳር ባሉ መዝናኛዎች የሚጫወቱ ወጣቶች የቆዩ የአማርኛ ዘፈኖችን ወደ ላውንጅ ሲያመጡ እሰማለሁ። አንዳንዱ ያምራል። ብዙውን ጊዜ ግን ሁለት ቦታ ላይ ይሰናከላሉ። ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰልና አንቺሆዬ እያንዳንዳቸው በአምስት ድምፅ የቆሙ ቅኝቶች ናቸው፤ የጃዝ ኮርድ በላያቸው ሲደረብ በቅኝቱ ውስጥ የሌለ ድምፅ ይዞ ይመጣል። ሙላቱ አስታጥቄ በኢትዮ ጃዝ የለፋው ይህን እንግዳ ድምፅ ቅኝቱን ሳያፈርስ ለማስገባት ነበር፤ በአንድ ቅዳሜ ልምምድ የሚገኝ ነገር አይደለም። ሁለተኛው ምቱ ነው። ችክችካው በስድስት ስምንተኛ (6/8) ምት የሚሄድ ሆኖ ሳለ ወደ ቦሳ ኖቫ እኩል ምት ሲገፋ ትከሻ የሚያነሣሣው ነገር ይጠፋል። ትዝታን የመሰለው ቀስ ያለ ዘፈን ለላውንጅ ይመቻል፤ ሠርግ የሚያደምቀውን ግን ባይነኩት እመርጣለሁ።

እንዲህ ያለ የአማርኛ አልበም ለማሳተም የሚያስብ ሰው የአሜሪካውን አቋራጭ በልቡ ይዞ እንዳይነሣ። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410 ሥራን የማሻሻልና የማቀናበር መብትን የሚሰጠው ለሥራው አመንጪ ነው፤ ጥበቃውም አመንጪው ከሞተ በኋላ ለ50 ዓመት ይዘልቃል። በእኛ ካሴቶች ሽፋን ላይ ደግሞ ግጥሙ የአንዱ፣ ዜማው የሌላው፣ ቅንብሩ የሦስተኛው ሰው ሆኖ መገኘቱ የተለመደ ስለሆነ ለአንድ ዘፈን ብቻ የሚንኳኳው በር ከአንድ ይበልጣል። አንዳንዱንም በር የሚከፍቱት ወራሾች ናቸው።